ዓይኗን የት አደረስከው?

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ትልቅ ሥራ አገኘሁ። እዚሁ ጅማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹን ለምረቃ መጽሔት እንዳነሳለት ጠየቀኝ። 86 ተማሪ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ላለው ሰው ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። የሁለት ወር ኪራይ ይሸፍናል።

የ12ኛ ክፍል የምረቃ ፎቶ እንደ ጉርድ ፎቶ አይደለም። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሰው "ቶሎ አንሳኝና ልሂድ" ነው የሚለው። ተመራቂ ግን ለዚያች ቀን ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ጫማ ተበድሮ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ነው የሚመጣው። ከ2015 ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ይበታተናሉ። ውጤቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ጋውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው የተነሷት ፎቶ ግን የእነሱ ናት። ሳሎን ግድግዳ ላይ በትልቁ ትሰቀላለች። የእኔም እናቴ ቤት እስካሁን ተሰቅላለች።

ቦታው ጅሬን እንዲሆን ተስማማን። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። የእንጨት ሥራው፣ ሰገነቱ፣ ከኮረብታው ቁልቁል የምትታየው ከተማ፣ ሁሉም ፎቶ ያምርበታል። ተማሪዎቹም "ጅሬን ካልሆነ አንነሳም" ብለው ነበር።

ሰዓቱን ወረቀት ላይ አሰላሁት። ለአንድ ተማሪ 4 ደቂቃ። 86 በ4 ሲባዛ 344 ደቂቃ። ስድስት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ጠዋት 2፡30 ከጀመርኩ 8፡14 ላይ አበቃለሁ። ትምህርት ቤቱ "ዓርብ ይመቸናል" አለ። እሺ አልኩ። ሁለት ካሜራ፣ አንድ ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ)፣ አንድ ረዳት፣ 15 የኪራይ ጋውን። ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ተኛሁ።

ወረቀቱ ላይ ፀሐይ አልነበረችም።

ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። የምረቃ ቆብ ደግሞ አናቱ ላይ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ነገር አለው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ያ ጠፍጣፋ ነገር እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሆናል። ግንባርን ይሸፍናል፤ ዓይንን ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ላይ እስከ አፍንጫ ጫፍ ይወርዳል። ብርሃን የሚያገኘው አገጭ ብቻ ነው። ቆመን ስናየው ይሄ አይታወቀንም። የሰው ዓይን ጥላውንም ብርሃኑንም አቻችሎ ያያል። ካሜራ እንደዚያ አይችልም። ሰማዩ ካማረለት ፊቱ ይጨልማል፤ ፊቱ ከታየ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ጥቁሩ ጋውንም የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራ በራሱ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ፍሬሙን ጥቁር ከሞላው "ጨልሟል" ብሎ ያበራዋል፤ ነጭ የአበሻ ቀሚስ ከሞላው ደግሞ ያጨልመዋል። ጋውን ለብሶ የተነሳው ልጅ፣ ጋውኑን አውልቆ በነጭ ሲነሳ ፊቱ ሌላ ቀለም የሚሆነው ለዚህ ነው። መለኪያው ፊት ላይ መሆን አለበት። ይሄን አውቃለሁ። ግን 4 ደቂቃ ብቻ ሰጥተህ፣ ከኋላ ሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅህ የምታውቀውን ሁሉ አትሠራበትም።

ከበስተጀርባ ቤተ መንግሥቱ እንዲታይ ብዬ ልጆቹን ሜዳው ላይ አቆምኳቸው። የቤቱ ጥላ ያለው አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር። አሥር እርምጃ።

ቀኑም ዓርብ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሙስሊም ተማሪዎች ለጁምዓ ሄዱ። መሄድም አለባቸው፤ እኔ ነበርኩ አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ። ጅማ ውስጥ ዓርብ ቀትር ላይ ቀጠሮ መያዝ ማለት ግማሹን ክፍል አትምጣ ማለት ነው። የቀሩት ደግሞ ዓቢይ ጾም ላይ ናቸው። ያን ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤቱ ወጥቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይ መሀል ቆሞ ፈገግ በል ሲባል ምን ዓይነት ፈገግታ ይመጣል? ሂጃብ የለበሱት ልጆች ቆቡ እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። በመርፌ ቁልፍ መያዝ ነበረበት። መርፌ ቁልፍ አልያዝኩም። አንዲት ልጅ ቆቧን በአንድ እጇ እንደያዘች ነው የተነሳችው።

አንዲት እናትም መጥተው ነበር። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጃቸው ጋር ከጠዋት ጀምሮ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አምስት ሰዓት አካባቢ ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ፣ አንዴ ከእሷ ጋር ታነሳኛለህ?"

"እሺ እማማ፣ መጨረሻ ላይ አነሳዎታለሁ።"

መጨረሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለጁምዓ የሄዱት ተመልሰው ገና ሰልፍ ሲይዙ ሰማዩ ጠቆረ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አያስጠነቅቅም። ካሜራዬን በጋውን ጠቅልዬ ሮጥኩ። የቀሩትን ልጆች በሚቀጥለው ቀን ስቱዲዮ ውስጥ አነሳኋቸው። እናትየዋ እንዴት ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ አላየሁም።

አራት ቀን ኤዲት ሳደርግ ቆየሁ። የጨለመውን ፊት በኮምፒውተር ገፍቼ አበራሁት። በጣም የጨለመ ፎቶ ሲገፋ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቆዳው የሰው ቆዳ መሆኑ ይቀራል፤ አመድ ይሆናል። እሱን ደግሞ ለማለስለስ ሌላ ነገር ጨመርኩበት። ረቡዕ ማታ ፎቶዎቹን ለተማሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላክኩ። "እናመሰግናለን" የሚል መጣ። ልብም መጣ። ተገላገልኩ አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት እኚያ እናት ዘንቢል ይዘው ፎቶ ቤቴ ገቡ። ሐሙስ ገበያ ነው፤ ከዚያው መመለሳቸው ነው። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። የልጃቸውን ስልክ ከመቀነታቸው አውጥተው ፎቶውን አሳዩኝ።

"ይቺ ማናት?"

"ልጅዎት ናት፣ እማማ።"

"ጥርሷን አየሁት። አገጯም የእሷ ነው።" ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ። ጣታቸው የቡና ቁላት አጥቁሮታል። "ዓይኗን የት አደረስከው?"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፀሐይ ነው፣ ቆቡ ነው፣ ዝናብ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ዓይን ባለበት ቦታ ግራጫ ነገር አለ። እኔ ያን ፎቶ "አልቋል" ብዬ ነው የላክሁት።

"አጥፍቻለሁ እማማ። እንደገና አነሳታለሁ።"

"እኔ እኮ ያን ቀን ሥራዬን ዘግቼ ነው የዋልኩት።" መናኸሪያ አካባቢ የጀበና ቡና ያፈላሉ። በጾም ሥራው እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። የዘጉት አንድ ቀን ለእሳቸው ትልቅ ነው።

"ነገ ጠዋት፣ ሥራ ሳይገቡ፣ እኔ ቤታችሁ ልምጣ?"

"ቤታችንማ ለፎቶ ምን አለው?"

"በር አለው?"

"በር የሌለው ቤት አለ እንዴ?"

"በቃ፣ እሱ ይበቃኛል።"

ከሄዱ በኋላ ፎቶ ቤቱን ዘጋሁና 86ቱንም አንድ በአንድ እያጎላሁ አየሁ። ሌላ ምንም አላየሁም፤ ዓይናቸውን ብቻ። 31 ፎቶ ላይ ዓይን የለም። ልብ የላኩልኝ ልጆች ውስጥ ዓይናቸው የሌለባቸው ነበሩ። ምናልባት ፎቶ እንደዚህ ነው ብለው ይሆናል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ልጆቹ የሚያወዳድሩበት ሌላ ፎቶ የላቸውም፤ እኔ የሰጠኋቸውን ነው የሚሰቅሉት።

ማተሚያ ቤቱ ሦስት ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ለ31ዱም ደወልኩ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሰዓት ከመናገሬ በፊት ጠየቅኩ። የትኛው ቀንና ሰዓት አይመችህም? ራስሽ ላይ ምን ታደርጊያለሽ? መነጽር ታደርጋለህ? (መነጽር ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ ክንዱን ከጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው መላው።) ፊትህ ላይ እንዳይነካብህ የምትፈልገው ምልክት አለ? ማን አብሮሽ ይነሳ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይናገራሉ። አያቴ። ታላቅ እህቴ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዱ ልጅ የሠፈራቸውን ልብስ ሰፊ ነው የጠራው፤ ዩኒፎርሙን አራት ዓመት ሙሉ በነፃ ሲጠግንለት ኖሯል።

በ2017 ሥራ ስቀበል ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት እነዚህን ጥያቄዎች ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም ማንሳት ተውኩ። ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት፣ በቀን 30 ልጅ፣ ለሦስት ቀን። ጠዋት ካልተመቸ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ። ዓርብ ቀትርን አልነካም። ትምህርት ቤቶች "አንድ ቀን ይሻለናል" ይላሉ። ለምን እንደማይሻል የቆቡን ጥላ በስልኬ አሳያቸዋለሁ፤ ካዩት በኋላ አይከራከሩም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ዕቃ ሙሉ መርፌ ቁልፍ አለ።

እናትየዋ ፎቶ ቤቴ በመጡ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሱ ቤት፣ መንደራ ሠፈር ደረስኩ። የጭቃ ቤት ነው፤ ግቢው ተጠርጓል፣ ውሃ ተረጭቶበታል። በሩ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም። ፊት ለፊት በኖራ የተቀባ የጎረቤት ግድግዳ አለ። ፀሐይዋ የግድግዳው አናት ላይ አርፋ ለስልሳ ተመልሳ በበሩ ትገባለች። ከዚህ የተሻለ ብርሃን በገንዘብ አይገዛም።

ልጅቷን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብላ በርጩማ ላይ እንድትቀመጥ አደረግኩ። የጅማ በርጩማ ነው፤ ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር። ፊቷ ወደ በሩ። ቆቡን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋ አደረግኩት። ካሜራውን ወዲያው አላነሳሁም። ስለ ፈተናው አወራን። ጤና ሳይንስ መማር ትፈልጋለች።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ዓይኔን ፀሐይ እየወጋኝ ነበር። ልነግርህ ፈርቼ ነው።"

እናትየዋ ከአጠገቤ ቆመዋል። "እኔስ ምን ላድርግ?" አሉ።

"ነጠላዎን በሁለት እጅዎ ዘርግተው ይያዙልኝ። ዝቅ አድርገው። እንደዚያ።"

ዘረጉት። የልጅቷ አገጭና ጉንጭ ሥር የነበረው ጥላ ቀለለ። መለኪያውን ጉንጯ ላይ አደረግኩ። እናትየዋ እጃቸው እየዛለ እንኳን ነጠላውን አላወረዱም። ከዚያ ሁለቱን አብሬ አነሳኋቸው፤ በመጀመሪያ እናትየዋ ቆመው፣ ቀጥሎ ልጅቷ በርጩማውን ለእናቷ ለቅቃ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ። ስወጣ "ጾም ባይሆን ቡናዬን ሳትጠጣ አትወጣም ነበር" አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ፎቶውን ለመውሰድ መጡ። በ40 በ60 አትሜ በፍሬም አድርጌዋለሁ። የወሰድኩባቸው ገንዘብ የለም። ጠረጴዛው ላይ አቁሜላቸው ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው የልጅቷን ዓይን ተመለከቱ። ብሌኗ ላይ በሩ ይታያል፤ አራት ማዕዘን ብርሃን። ከበሩ መሀል የእኔ ጥላ፣ ትንሽ ጥቁር ነገር። ከጎኑ ደግሞ እጇን የዘረጋች ነጭ ነገር።

"ይቺ ነጯስ ምንድን ናት?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"