ወርቅ ቅቡ ለምን ይዥጎረጎራል?

ዛሬ ሥራው ሁሉ ወርቅ ቅብ ነበር፤ የኬኩን የሚያብረቀርቅ ዱቄት ማለቴ ነው። ብዙ ሰው በውኃ ይበጠብጠዋል፣ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። ውኃ የፎንዳንቱን፣ ኬኩ የሚለብሰውን የስኳር ሊጥ ማለቴ ነው፣ ስኳር ያሟሟዋል፤ ላዩ ይጣበቅና ብሩሹ መስመር ይተዋል። በቮድካ ነው የሚበጠበጠው፣ አልኮሉ ቶሎ ይተናል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ላይ ቮድካውን በጠብታ እየጨመራችሁ፣ እንደ ጥፍር ቀለም ሲሆን አቁሙ። እየተቀባ ይደርቃልና መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ መጨመር አይቀርም። የመጀመሪያው ዙር ሁሌም ደብዝዞ ያስጠላል፤ አትደንግጡ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ደርቡበት። እርጥብ እያለ ከተደገመ ግን የታችኛው ይላጣል።

ከፍሪጅ የወጣ ኬክ ላቡ ሳይደርቅ አይነካም። ዱቄቱ ሳይበጠበጥ በደረቁ የሚቀባ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትርፉን አራግፎ፣ መስኮት ዘግቶ፤ አለዚያ ጎረቤት ያለው ነጭ ኬክም ወርቅ ይሆናል።

እሽጉ ላይ «መርዛማ አይደለም» ማለት ይበላል ማለት አይደለም። የሚበላው «የሚበላ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ የተሠራበትም ይዘረዘራል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ በልደት ኬክ 6 ልጆች የታመሙት ያብረቀረቀው ዱቄት የመዳብ ብናኝ ሆኖ ነው።