ከስክሪን ላይ የመጣ ትእዛዝ

መጋዘናችን ገላን ዳርቻ ላይ ነው። ከዋናው አስፋልት እስከ በራችን ያለው መንገድ መረሬ አፈር ስለሆነ በክረምት ከባድ ጭነት አይችልም። ስምሪት ክፍል የምንሠራ ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ መሀል ከተማ ተቀምጦ መኪኖቹን በጂፒኤስ የሚከታተለው ሥራ አስኪያጃችን ግን አያውቅም።

ሐምሌ ውስጥ ከጅቡቲ ብረት ጭኖ የመጣ ተሳቢ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ መንገዱን በብረት ዘንግ ወጋ ወጋ አደረገውና «ጭነቱን በትንንሽ መኪና እናመላልሰው» አለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። «400 ሜትር ቀርቶህ ምን ትገተራለህ? ግባ!» ጭቃውን ሊያስረዳ ቢሞክር ማን ሰምቶት? ስክሪኑ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ነው። ገባ፤ ግማሽ ሳይደርስ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ሻንሲው ሰመጡ።

ክሬን ስንጠብቅ የጥበቃ ኃላፊያችን፣ በመገናኛ መኮንንነት ጡረታ የወጡት ሻለቃ፣ ወሬ ጀመሩ።

«የጣሊያኑን ጦር አዛዥ ባራቲዬሪንም የገፋው ሽቦ ነው። በመርከብ ዘመን ቢሆን የሮም ቁጣ እስኪደርሰው ሳምንታት ያልፉ ነበር። ቴሌግራም መጣና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ የካቲት 18 ቀን 1888 ዓ.ም. ‹ይህ ጦርነት ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ ነው› ብሎ ዘለፈው። ባራቲዬሪ በ21 ጄኔራሎቹን ሰብስቦ መከረ፤ በ23 አድዋ ላይ ተደመሰሰ።»

«ስንቃቸውም እያለቀ ነበር እኮ፣ ሻለቃ» አልኳቸው።

«ልክ ነህ፣ ሽቦው ብቻውን አላሸነፋቸውም። ካርታቸውስ? ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም የጻፉት ሌላ ኮረብታ ላይ ነው። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔ ከታሰበለት ቦታ ደርሶ ቆሞ ነበር፤ መንገድ መሪው እውነተኛው ወደፊት ነው ሲለው ብርጌዱን ይዞ ሄደ፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ ተመታ።»

በማግስቱ የክሬኑ ኪራይ ከሹፌሩ ደመወዝ እንዲቆረጥ የሚል ደብዳቤ መጣ። ሻለቃ አነበቡትና ሳቁ። «ባራቲዬሪም አስመራ ላይ ጦር ፍርድ ቤት ቆሟል፤ በነጻ ቢለቀቅም። ክሪስፒ ግን ሥልጣኑን አጣ እንጂ ለአድዋ ማንም ከሳሽ ፊት አላቆመው።»

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ። መኪናው የቆመበትንና የተነሣበትን ሰዓት ከጂፒኤሱ፣ በመካከል የተደወለውን ደግሞ ከሹፌሩ ስልክ አወጣን። ሁለቱን ወረቀት አያይዘን ለሠራተኛ አስተዳደር ላክን። ደብዳቤው ተሻረ፤ ኪራዩንም ድርጅቱ ከፈለ።