ሐዋሳ ላይ ሆኜ የስኪ ልብስ እንዴት ፈተሽኩ

በጥር እኩለ ቀን ሐዋሳ ውስጥ ወፍራም ሰደሪያ ለብሶ የሚሄድ ሰው ካለ ወይ ወባ ይዞታል ወይ ያበደ ነው ይባላል። ቢሆንም ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች ላይ አገራችንን ወክሎ በስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ተወዳድሯልና በረዶ አይመለከተንም ማለት አይቻልም። ለእኔ ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። ኖርዌይ የሚኖር የስኪ ክለብ አባል ነው። ለገና ሲመጣ በባትሪ የሚሞቅ ሰደሪያና የልብ ምት የሚለኩ ሁለት ካናቴራዎች ከሻንጣው አወጣ። «አጎቴ፣ ዕድሜህን ልብስ ስትፈትሽ ነው የኖርከው። ክለቡ ለአባላቱ ሊገዛ ነው፤ እስቲ እያቸው» አለኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ባትሪዎቹን ነቅሎ ማስቀመጥ ነበር። ልብስ ከሁሉ በፊት ልብስ ነው፤ ስፌቱ ከተፈታ ሴንሰሩ አያድነውም። ገልብጬ ሳይ የሰደሪያው ሽቦ የጎን ስፌቱን የሚያቋርጠው ሲለጠጥ እንዳይበጠስ ላላ ብሎ ነው፤ ይህን የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል። የካናቴራው ነገር ሌላ ነው። ደረቱ ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ የሚቀበል፣ በብር የተለበጠ ክር ተሸምኖበታል፤ ክሩ ምቱን ከምታነበው ትንሽ መሣሪያ ጋር የሚገናኘው በብረት ቁልፍ ነው። ጨርቁ ይለጠጣል፣ ብረቱ አይለጠጥም። እንዲህ ያለ ልብስ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ስለሆነ ደጋግሜ የሳብኩት ያንን ቦታ ነው።

ቅዝቃዜውን ያገኘሁት ከዓሣ ነጋዴ ወዳጄ ዘንድ ነው። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይይዛል። ሰው እዚያ ውስጥ ለሰዓታት ማቆም ስለማይገባ ሰደሪያውን ያለበስኩት 20 ሊትር ሙቅ ውሃ የያዘ ጀሪካን ነው። ቴርሞሜትር ከትቼበት፣ አንዴ ማሞቂያውን አብርቼ፣ አንዴ አጥፍቼ፣ አንዴ ደግሞ አጥፍቼ ከላዩ ጋቢ ጠቅልዬበት ውሃው ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ መዘገብኩ። ቆሮሶና አምባዛ የሚደረድሩት ልጆች «ጀሪካኑ ብርድ ብርድ አለው?» እያሉ ሲስቁ ዋሉ።

ጋቢው ማሞቂያውን በለጠው። ሒሳቡን ለሠራ ሰው አይገርምም፦ ሰደሪያው በከፍተኛው ደረጃ የሚሰጠው 10 ዋት ያህል ነው፤ ይህ 20 ሊትር ውሃን በአንድ ሰዓት ግማሽ ዲግሪ እንኳ አያሞቅም። ሰው ቁጭ ብሎ ብቻ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል፤ ስኪ አጥብቆ ሲጋልብ ደግሞ ብዙ እጥፍ። ስለዚህ ለሚሮጠው 10 ዋት ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ላብ ይጨምርበታል፤ ሩጫውን ሲያቆም ደግሞ ላቡ ያቀዘቅዘዋል። የሚጠቅመው ለቆመ ሰው ነው፦ ተራውን ለሚጠብቅ፣ ለአሰልጣኝ፣ ለተመልካች። እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የአሜሪካ ቡድን የሚሞቅ ጃኬት የለበሰውም ለመክፈቻው ሰልፍ እንጂ ለውድድር አልነበረም።

ባትሪው 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት፣ በወረቀት ላይ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ በውጭ ኪስ ሲቀመጥ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ጠፋ፤ በውስጥ ኪስ፣ ከጀሪካኑ ሙቀት ጋር ሲሆን ግን ደህና ቆየ። ሊቲየም ባትሪ ብርድ አይወድም። ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳል። ከፍሪዘር ስናወጣው ማገናኛው ላይ ወዲያው እርጥበት ያዘ፤ ከበረዶ ወደ ሞቀ ቤት የሚገባ ሰውም ይህ ይገጥመዋልና ሳይደርቅ አይሰካ።

ካናቴራውን የፈተንነው ታቦር ተራራ ላይ ነው። ልጁ የስኪ ዱላውን ይዞ፣ ደረቱ ላይ ደግሞ የታወቀ የልብ ምት ቀበቶ አስሮ ሽቅብ ሮጠ። ሰውነቱ ደረቅ ሳለ ካናቴራው የማይታመን ቁጥር ያወጣ ነበር፤ ካላበው በኋላ ከቀበቶው ጋር ገጠመ። በብርድና በደረቅ አየር ላብ ስለሚዘገይ ክሩን ከመውጣት በፊት በውሃ ማራስ ግድ ነው። ልኩም ጥብቅ ካልሆነ ቁልቁል ሲወርድ ንባቡ ይዘላል። ይህም ሆኖ ከእጅ ሰዓት ይሻላል፤ በብርድ የእጅ ደም ሥሮች ስለሚጠብቡ በብርሃን የሚለካው ሰዓት ደካማ ምልክት ነው የሚያገኘው።

የአጠባው ነገር አጭር ነው። አንዱን ካናቴራ በለስላሳ ሳሙና፣ ሌላውን ሆን ብዬ በበረኪና አጥቤ በቴስተር ለካኋቸው። በረኪና የነካው ክር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ወደቀ፤ ብሩ ሲጠቁር በዓይንም ይታይ ነበር።

እዚህ ልፈትነው ያልቻልኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰደሪያው ከበረዶ ናዳ መፈለጊያ ጋር እንዴት እንደሚሆን ነው፤ ይህ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚይዘው፣ በናዳ ቢቀበር ምልክት የሚልክለት፣ ሌላው ቢቀበር ደግሞ የሚፈልግበት መሣሪያ ነው። መሣሪያው በ457 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን በአጠገቡ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ይረብሸዋል፤ ሲልክ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሲፈልግ 50 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይመከራል። ሰደሪያው ደግሞ ደረት ላይ የሚቀመጥ ማሞቂያ ነው። ወደ ተራራ የሚወጡት የክለቡ አባላት ማሞቂያውን አጥፍተው ይሂዱ አልኩት።

ለክለቡ የጻፍኩት ምክር ግማሽ ገጽ አልሞላም፦ ካናቴራውን ግዙ፣ አንድ ቁጥር አጥብባችሁ፤ ሰደሪያውን ለአሰልጣኞች ብቻ። ልጁ ሲመለስ ባትሪውን ከሻንጣው አስወጥቼ በእጅ ቦርሳው አስያዝኩት፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ግን እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል።