ሽታ የለውም

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ጭጋጉ ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ጀርመን ከኔካር ሸለቆ አልነሳም ብሎ ዋለ፤ እኔንም ድብት ብሎኝ ዋለ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ቀን ብቻዬን ቤት ከዋልኩ ማታ ሆድ ሲብሰኝ ስለማውቀው ወደ ጋራዥ ወረድኩና የድሮዋን ፖርሽ 911 አስነሳኋት። መንገዱ ደረቅ ነው፣ የበረዶ ማቅለጫውን ጨው ገና አልነሰነሱም። ጨው ከተነሰነሰ እስከ ጸደይ እንደማላወጣት ታውቃላችሁ።

ገና ከሰፈር ሳልወጣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለውን የማሞቂያ ማንሻ አነሳሁት። በቀኝ በኩል ለብ ያለ አየር መጣ፣ በግራ በኩል ምንም። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ደበዘዘ፤ በእጄ ጀርባ እየጠረግኩ ነዳሁ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ያቺው ለብ ያለችውም ጠፋች።

እዚህ ሀገር የድሮ መኪና የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ "የድሮ 911 ማሞቂያ ለስሙ ነው፣ ካፖርትሽን ለብሰሽ ንጂ" ይሉኛል። አልስማማም። ይቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ1973 ትሱፈንሃውዘን ካለው የፖርሽ ፋብሪካ ስትወጣ ሰው ክረምት ከበጋ እንዲነዳት ነው የተሠራችው። አሁን ብርድ የምታስመታው ሲሠሯት ማሞቂያዋን ስለረሱት አይደለም፤ እኛ ባለቤቶቿ በየዘመኑ ሞተሯንና ቀለሟን እየተንከባከብን ሥሯን ለማየት ስላልጎነበስን ነው።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። የሌላው መኪና ማሞቂያ ሞተሩን ዞሮ በሚመጣ ፍል ውሃ ይሠራል። የእሷ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ስለሆነ ሙቀቱ የሚገኘው ከጭሱ ነው። ከሲሊንደሮቹ የሚወጡት የጭስ ቱቦዎች ወደ ማርሚታው ከመድረሳቸው በፊት በላሜራ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ። 11 ክንፍ ያለው የሞተሩ ቬንትሌተር አብዛኛውን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ሲነፋ፣ ከዚያው ላይ ጥቂቱን በግራና በቀኝ ወደ ሽፋኖቹ ይልካል። አየሩ በጋለው ቱቦና በላሜራው መካከል ሲያልፍ ይሞቅና ክዳን ወዳላት ትንሽ ሳጥን ይገባል። ማንሻው ካልተነሳ ሳጥኗ ሙቀቱን አስፋልት ላይ ትደፋዋለች። ከተነሳ ከማንሻው ጋር የተያያዘው ካቦ ክዳኑን ይስበዋል፤ ሙቀቱም በበሮቹ ደፍ ውስጥ በተዘረጋው ቱቦ አልፎ እግርና መስታወት ጋ ይደርሳል። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ስለሆነ ቀይ መብራት ላይ ብርድ ይመለሳል። በደጋ መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ሽቅብ ስትወጣ ግን በደንብ ማሞቅ አለባት።

ሙቀት አላት ማለት ነው። በየመንገዱ እየደፋችው እንጂ።

ተመልሼ፣ እስክትበርድ ጠብቄ፣ በክሪክ አንስቼ መቆሚያ ላይ አሳረፍኳትና ሥሯ ገባሁ። በግራ በኩል ከቬንትሌተሩ የሚወርደው ተጣጣፊ ቱቦ እጥፋቱ ላይ ተተርትሯል፤ ሦስት ጣት ያስገባል። የዚያው ጎን ሳጥን ክዳን ደግሞ ዝጎ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ዝገት ማስለቀቂያ ነፋሁበትና ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። በፒንሳ ይዤ ቀስ እያልኩ ወዲያና ወዲህ ሳወዛውዘው መጀመሪያ ቡናማ ዱቄት አራገፈ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ ከዚያ ለቀቀ። ማንሻውን አንስቼ በባትሪ ሳየው ካቦው እስከ መጨረሻ ሳበው። ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ። ከሳጥኑ ወደ ደፉ የሚገባው መጋጠሚያ ላይ ቱቦውን የሚያጠብቀው ፋሼታ ጭራሽ የለም፤ ስንት ዓመት እንደዚያ እንደተነዳች እንጃ። አዲስ ቱቦ አስገባሁ፣ ፋሼታዎቹን አጠበቅኩ። በሮቹን በወረቀት ፈተሽኳቸው፦ ወረቀቱን በበሩና በጎማው መካከል አድርጌ ዘጋሁና ሳብኩት፤ ከታች በኩል ያለ ምንም ትግል ወጣ። በዚያ በኩል ብርድ እየገባ ስለ ማሞቂያ ማውራት አይቻልም። ጎማው መቀየር አለበት።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት ወደ ገበያ ነው የሚሮጠው። አንዱ ለጀልባ የተሠራ ቬንትሌተር ገዝቶ ቱቦው መሃል ያስገባል፤ ሌላው በቤንዚን የሚሠራ ማሞቂያ ልግጠም ይላል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ ከፊት በኩል እንዲህ ያለ ማሞቂያ ነበራቸው፣ እንግዳ ነገር አይደለም። ቬንትሌተሩም ለቀይ መብራት ይጠቅማል። በተቀደደ ቱቦ ላይ ከገጠሙት ግን አስፋልቱን በተሻለ ፍጥነት ማሞቅ ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን።

ወደ ቀኙ ጎን ስዞር ሽፋኑን በጣቴ ነካሁት። ዝገቱ በቅርፊት ተላጦ ፊቴ ላይ ወረደ።

ደፉ ውስጥ ያለው ቱቦ ቢዝግ ቅዝቃዜ ነው የሚያመጣው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። የውጭው ላሜራ ቢሳሳ ሙቀት ይጠፋል፤ ውስጥ ያለው የጭስ ቱቦ ከተሰነጠቀ ግን ከአየሩ ጋር ጭሱ ይገባል። ከጭሱ ጋር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽና መዛል፤ ሰው ድካም ይመስለዋል። ማሞቂያውን በደንብ በጠገንኩት መጠን፣ ስንጥቅ ካለ መርዙንም አብሬ በደንብ አስገባዋለሁ ማለት ነው። ሥሯ ተኝቼ ይኼ ሲገባኝ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጀርባዬን እስኪያመኝ ድረስ ሳልነሳ ቆየሁ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ አለኝ፣ ለካምፒንግ መኪና የሚሸጠው ዓይነት። ቁጥር የሚያሳይ እንዲሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ምክንያቱም በአውሮፓ ደረጃ መሠረት የሚሠሩት እነዚህ መሣሪያዎች 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 50ው) ላይ የሚጮኹት ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቆይተው ነው፤ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፤ 300 ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ። ዝም አለ ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። የጋራዡን በር ወለል አድርጌ መኪናዋን ወደ ውጭ አወጣኋት፣ ሞተሩን አሞቅኩት፣ መለኪያውን እግር ሥር ካለው የሙቀት መውጫ ፊት ለፊት ያዝኩት። በግራ 0። በቀኝ 0። ጋዙን ከፍ አድርጌ ያዝኩት፤ አሁንም 0። የቀኙ ሽፋን እስከሚወርድና ውስጡ እስከሚታይ ልጆቹ አይሳፈሩባትም፣ ይኼን ወስኛለሁ። የማይዝግ ብረት የሆነው አዲስ ይገዛል። ውድ ነው። ይገዛል።

መለኪያውን ይዤ ቆሜ ሳለሁ የጋሼ ቮልስ ትዝ አለችኝ። ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በፊት የነበሩት ቮልሶች ሲሊንደሮቹን ያቀዘቀዘውን አየር ራሱን ነበር ወደ ውስጥ የሚያስገቡት፤ ስለዚህ የጋሼ መኪና ማሞቂያው ሲከፈት ዘይት ዘይት ትሸት ነበር። ጋሼ አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው ያሸቱና "ዛሬ ዘይት አፍስሳለች" ይሉ ነበር፤ መስኮት እንድንከፍት ያዙን ነበር። አፍንጫቸው መለኪያቸው ነበር። ዘይትን ያሸታል። ይኼኛውን የማንም አፍንጫ አያሸተውም።

ከሰልም እንዲሁ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ያጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ለዚህ ነው በረንዳ ላይ አስቀምጠን በሰፌድ የምናራግበው። ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን "አሁን አስገቡት" ይባላል። እናቶቻችን ሁሉ ያስተማሩን ይኼንን ነው፤ በፍቅርና በጥንቃቄ ያስተማሩን። ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከጭሱ ጋር አይጠፋም። ቀይ ሆኖ የሚያምረው፣ ምንም የማያጨሰው ፍም በዝግ ክፍል ውስጥ መስጠቱን አያቆምም። በክረምት "ከሰል አፍኗቸው አደሩ" ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው። ጎረቤት ሁሉ "ሳይቀጣጠል አስገብተውት ነው" ይላል። ሰዎቹ ምናልባት እንደተባለው በደንብ አቀጣጥለው ነበር ያስገቡት። ይኼን አስቤው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ መኪና ሥር ተኝቼ አሰብኩት።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ቡና እያፈላች ነበር።

"በሩን ዘግተሽዋል?" አልኳት።

"የኅዳር ብርድ እኮ ነው! ምነው፣ ምን ሰማሽ?"

"እንዲያው ነው። ራስሽን አያምሽም?"

"ቡና ሳልጠጣ ነው የሚያመኝ" አለች። "አንቺ ድምፅሽ ምን ሆኗል? በልተሻል?"

ጀበናው ሲገነፍል ሰማሁ፣ አንዷ የጎረቤት ልጅ ስትስቅ ሰማሁ። ያቺ ክፍል ምን ያህል እንደምትጠብ ታውቃላችሁ። አንድ መስኮት አላት፣ እሱም ከአልጋው ጀርባ። እጣን አለ፣ ምድጃው አለ፣ በሩ ዝግ ነው፣ ሰዎቹ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። እኔ ስሄድም እዚያው ነው የምቀመጠው፣ ከምድጃው አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ። ከዚያ ክፍል የበለጠ የምወደው ቦታ የለም።

በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊው አልኳት። "እሺ የኔ ልጅ" አለች። እሺ ስትል አውቃታለሁ።

አሁን ማታ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል። አንድ መለኪያ ገዝቼ፣ ለጥምቀት ከሚሄደው ሰው ጋር ልልክላት አስቤያለሁ። ግን ግድግዳዋ ላይ ብትሰቅለውስ? ምድጃው አጠገብ ከሆነ ቡና በተፈላ ቁጥር ሊጮህ ነው። እንግዳ ተቀምጦ፣ ስኒ ቀርቦ፣ ዕቃው ግድግዳ ላይ ሲጮህ አክስቴ ምን እንደምታደርግ አልጠራጠርም፤ ቶና ሳይቀዳ ባትሪውን አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ደግሞ "ልጄ የላከችልኝ" ብላ በጨርቅ ጠቅልላ። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪ ብላት መብራቱ ይጠፋል። ደጅ አፍዪ ብላት ብርድ ነው፣ ደግሞ ጎረቤቱን ማን ደጅ ያስቀምጣል?

እናት ወይም አክስት ቤት ይኼን ነገር ሰቅላችሁ፣ ሳይነቀል የቆየላችሁ አላችሁ? ምን ብላችሁ ነው ያስረዳችኋቸው?