ማንም ያልፈለገው ወንበር

ዛሬ ከአደጋ ጊዜ ምላሽ ተማሪዎቼ ጋር የጠረጴዛ ላይ ልምምድ ነበረን፤ አደጋ ደርሷል ብለን ቁጭ ብለን ምላሹን የምንለማመድበት ነው። ጎርፍ መጥቷል፣ ሌሊት ነው፣ 4,000 ሰው ቤቱን ጥሎ አንድ ሜዳ ላይ ሰፍሯል። የሥራ ድርሻ ምረጡ ስላቸው ስድስቱ በአንድ አፍ "አዛዥ!" አሉ። ሎጂስቲክስ፣ ማለትም የአቅርቦትና የማጓጓዝ ሥራ፣ እፈልጋለሁ የሚል ጠፋ። የተባለውንና የተወሰነውን የሚጽፈውን መዝጋቢማ ተዉት፣ ወንበሩ ባዶ ቀረ።

አልፈርድባቸውም። እኔም ወደዚህ ሙያ ስገባ የሚታየኝ ሄሊኮፕተርና ገመድ ነበር። (ገመዱን እስካሁን አልነካሁትም።) ግን ይሄ የምናስተምረው የአደጋ ጊዜ የዕዝ ሥርዓት የመጣው ጀግና ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትነድ እሳት አጥፊ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው መግባባት ነው፣ የአንዱ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ከሌላው ጋር አይገናኝም፣ አንዱን ነገር የሚጠሩበት ስም እንኳ ይለያያል፣ ማን ማንን እንደሚያዝም አይታወቅም።

ብቻ ልምምዱ ተጀመረ። አንዷን ዝምተኛ ልጅ ለምኜ መዝጋቢ አደረግኳት። ትንሽ ቆይቼ ውሃውስ አልኩ። አዛዡ ኮራ ብሎ "በቂ ውሃ ይላክ!" በቂ ማለት ስንት ነው? ዝም። ስፊር የሚባለው የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፣ ስለዚህ 60,000 ሊትር፣ 10,000 የሚይዝ ቦቴ ካለን በቀን ስድስት ምልልስ ማለት ነው። መጸዳጃውም አለ፤ መጀመሪያ ለ50 ሰው አንድ፣ ቆየት ሲል ለ20 ሰው አንድ። 80 ብሎ ጀምሮ 200 ይደርሳል። ማን ይቆፍረዋል? አሁንም ዝም።

እንደምንም አስልተው ቦቴዎቹን በድልድዩ በኩል ላኩ። ሁሉም ተደሰተ፣ እኔም ልቀጥል ስል መዝጋቢዋ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ድልድዩ ተሰብሯል ተብሎ የለም እንዴ? ይኸው፣ 8፡10 ላይ ጽፌዋለሁ።" እውነቷን ነው። ድልድዩ ተሰብሯል የሚለውን ወረቀት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ አዛዡ ጮክ ብሎ አንብቦታል፣ ከዚያ ጭቅጭቁ ሲጦፍ ከሁላችንም ጭንቅላት ወጣ። ከእኔም ጭምር። ይሄ ልምምድ ባይሆን ኖሮ ስድስት ቦቴ ውሃ የተሰበረው ድልድይ ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።

ማታ ውጤት ልሞላ ቅጹን ከፈትኩ። "አመራር" 30 ነጥብ። "ውሳኔ አሰጣጥ" 25። መዝገብ አያያዝ የሚል መስመር ብፈልግ የለም። ቅጹን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ።