የቦካው መደብ

ቢቸና በተመደብሁ በዓመቱ አከራዬ ከጓሯቸው አንዲት ጥግ ፈቀዱልኝ። ጎመንና ካሮት ልዘራባት ቸኮልሁ። መሬቱ ግን ዋልካ ነው፤ ጤፍ የሚያምርበት ያ ጥቁር አፈር። በክረምት ጫማ ከእግር ይነጥቃል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የገባበትን አይመልስም። የሳጥኔ ቁልፍ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ዋልካን የሚያለዝበው ብስባሽ እንደሆነ አንብቤአለሁ። ብስባሽ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ፍጉም ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። የአምናው የጤፍ ጭድ ግን ተከምሯል። «ጭድ ሲበሰብስ ያው ብስባሽ አይደል?» አልሁና በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቆፈርሁ፤ ጭዱን ነሰነስሁ፤ ስድስት ባልዲ ውኃ አፈሰስሁበት፤ ሱሪዬን ሰብስቤ በባዶ እግሬ እስኪመሽ ረገጥሁት። እግሬን ባወጣሁ ቁጥር ጧ! ይላል። ላዩን ደምድሜ የጎመን ዘር በተንሁበት።

በማግስቱ አከራዬ እማማ መጡ። ከመደቡ ቆንጥረው በጣታቸው ሳብ ሳብ አደረጉት።

«እሰይ የኔ ልጅ! ይህን ሁሉ ጭቃ ብቻህን አቦካኸው? የትኛውን ግድግዳ ልትመርግልኝ ነው?»

«የጎመን መደብ ነው እኮ እማማ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው፣ «ዋልካ እርጥብ ሳለ አይነካም» አሉኝ። «ጨብጠህ ስትነካው ከተፈረፈረ ቆፍር፤ ድቡልቡል ሆኖ እምቢ ካለህ ተወው። መደቡን ስንዝር ከፍ አድርገህ ውኃ መውረጃ ቅደድለት፤ የበሰበሰ ፍግ አብላው፤ ከዚያ ወዲያ አትርገጠው።» ጭዱስ ብላቸው፣ ጥሬው ሳይበሰብስ ከገባ የተክሉን ምግብ ተሻምቶ ቅጠሉን ያስቢጫል አሉ። እኔ ደግሞ ሊሻማ የሚችል ተክል እንኳ አላስቀረሁለትም።

ጭቃው እንዳይባክን የማድ ቤታቸው ውጭኛው ግድግዳ በዚያው ቀን ተመረገ። መራጊው እኔው ነኝ፤ ባቦካሁ ማን ይምጣልኝ? ዘሩ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ግድግዳው ከመስኮቱ ሥር እስከ ማዕዘኑ ድረስ ጥንድ ጥንድ ቅጠል አውጥቷል። መኮትኮቻውን አቀበሉኝ።

«በል እንግዲህ፣ ጎመንህን አሳሳው። ግድግዳዬን እንዳትነካ ብቻ!»