የባትሪ ድንጋይ፣ ፐሮክሳይድና የካንሰር ዕጢ

ካንሰርን በብርሃን ስለማከም ማንበብ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። በብርሃን የሚሠሩ ሁለት ሕክምናዎች አሉ፤ ባለፈው ስጽፍላችሁ አምታትቻቸው ነበር፤ ይቅርታ። በአንደኛው ሰውነት ውስጥ የተወጋ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ብርሃን ውጦ ይግላል፣ ዕጢውን የሚጎዳው ሙቀቱ ነው። ወርቅ ለዚህ ይመቻል። በሌላኛው ብርሃኑ መድኃኒቱን ይቀሰቅሰዋል፣ መድኃኒቱ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ሴል ወደሚገድል ዓይነት ይለውጠዋል። ኦክስጅን ከሌለ እንግዲህ ዋጋ የለውም። የዕጢ ደም ሥር ደግሞ ዝርክርክ ነው፣ ውስጡ ኦክስጅን ያጥረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቸክዬ ቀረሁ። ያወጣኝ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፣ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ዋና ክፍል እሱ ነው።

ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ገዛሁ፤ ያው የቁስል ማጠቢያው። ጓንት አጥልቄ ቁንጥር ዱቄት ጣል ሳደርግበት ወዲያው ተንተከተከ። አረፋው ኦክስጅን ነው። ብዙ የካንሰር ሴሎች ከጤነኞቹ የበለጠ ፐሮክሳይድ ያመነጫሉ፤ ስለዚህ ከማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተሠራ ደቃቅ ቅንጣት የጎደለውን ኦክስጅን እዚያው ዕጢው ውስጥ ካለው ነገር ይሠራል ማለት ነው። ብርጭቆው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ቀጥሎ ሎሚ ጨመርኩ። አሲድ ሲያገኝ ይሟሟል ብዬ ነበር። ግን ዱቄቱ ካርቦን ስለተቀላቀለበት ውሃው ጥቁር እንደሆነ ቀረ፣ ምኑ እንደሟሟ አይለይም። ከሸፈ! በወረቀት ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) 7.4 ገደማ ሲሆን በዕጢ ዙሪያ ወደ 6.5 ሊወርድ ይችላል። ቅንጣቱ እዚያ ሲሟሟ የሚለቀው ማንጋኒዝ በኤምአርአይ ደምቆ ይታያል። ሐኪሙ ሌዘሩን የት እንደሚያነጣጥር የሚያውቀው ከዚያ ነው። ይህ እስካሁን በአብዛኛው የአይጥ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቅንጣቱ ካንሰሩን አሳድዶ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምገማ የ10 ዓመት ጥናቶችን ሲያይ፣ ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ መጠን ከተወጋው ቅንጣት 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። አሁን የገባኝ፣ ብልሃቱ ማሳደዱ ላይ ሳይሆን አሲዱና ፐሮክሳይዱ ያን ያህል ወዳልበዙበት ሌላ ቦታ ሲሄድ ዝም ማለቱ ላይ መሆኑ ነው።

የሚቀጥለው ወር ተራው የብርሃኑ ነው። የስልክ መብራት መዳፌ ሥር ሳበራ ቀዩ ብቻ ለምን እንደሚያልፍ ከማወቅ እጀምራለሁ።